አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንና ወንጌልን ሳይሰማ የሞተው ንጉሥ

የቅዱስ ፍሬምናጦስ በዓለ ዕረፍት ሐምሌ 26 ቀን ሲከበር ስለ ጵጵስናው ብዙ ይነገራል። እኛ ግን ዛሬ ከጵጵስናው በፊት ስለ ሞተ ስለ አንድ ንጉሥ አብረን ልናወሳ ወደድን።

በ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የጢሮሱ ፈላስፋ ሜሮጵዮስ ሁለት ብላቴኖች፥ ፍሬምናጦስንና ኤዴስዮስን፥ አስከትሎ በባሕር ሲጓዝ መርከቡ ውሃና ስንቅ ፍለጋ ወደ አንድ ወደብ ተጠጋ። የአገሩ ሰዎች ከሮማውያን ጋር የነበራቸው ቃል ኪዳን ፈርሶ ነበርና በመርከቡ ያገኙትን ሁሉ ገደሉ። ሁለቱ ልጆች ግን በዛፍ ጥላ ሥር ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ስለ ተገኙ ታዘነላቸው፤ ወደ አክሱም ንጉሥም ተወሰዱ። ንጉሡ ኤዴስዮስን የመጠጥ አሳላፊ አደረገው፤ የፍሬምናጦስን አስተዋይነት ተመልክቶም መዝገቡንና ጽሕፈቱን በእጁ ሰጠው። የሚሞትበት ጊዜ ሲደርስ ሁለቱንም ነጻ አወጣቸው።

ይህ የኢዛና አባት ሰባኪ ሳያገኝ፥ ሳይጠመቅ ሞተ። ለምርኮኞች ልጆች የራራ ሰው ዕጣው ከወዴት ነው? ጥያቄው የእርሱ ብቻ አይደለም። ስብከቱ ከአክሱም ተነሥቶ በአንድ ቀን ከቦረናና ከሳይንት ደጋ አልደረሰም። አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ያስተማሩት በ13ኛው መቶ ዓመት ነው፤ የጋሥጫው አባ ጊዮርጊስ መጽሐፈ ምሥጢርን የጻፉት በ15ኛው ነው። ዛሬ ከመካነ ሰላም ወደ ጋሥጫ ለመሳለም የሚወጣ ምእመን፥ በእነዚያ ተራሮች አርሰው፥ እንግዳ ተቀብለው፥ ስሙን ሳይሰሙ ያለፉትን ቀደምት ሰዎች ቢያስብ አይነቀፍም።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት በ2ኛው ምዕራፍ፥ ሕግ ሳይሰጣቸው የሕግን ሥራ በልባቸው ተጽፎ ስላገኙ አሕዛብ ያስተምራል፤ ቅዱስ ጴጥሮስም ጌታችን በወኅኒ ለነበሩ ነፍሳት እንደ ሰበከ ይመሰክራል። እንግዲህ ያልሰማውን ሰምቶ ከካደው ጋር አንድ አድርጎ መቍጠር ድፍረት ነው። ቢሆንም የቆርኔሌዎስ ምጽዋት ወደ እግዚአብሔር ከደረሰ በኋላም ጴጥሮስ ወደ ቤቱ መላኩ አልቀረም።

ፍሬምናጦስም ይህን ያወቀ ይመስላል። ነጻ ሰው ነበርና ወደ ወላጆቹ አገር ቢመለስ የሚከለክለው አልነበረም። ንግሥቲቱ ግን ሕፃኑ ልጇ እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን እንዲያግዟት ለመነቻቸው፤ እነርሱም ቆዩ። በዚያ ዘመን ፍሬምናጦስ ለንግድ የመጡትን ክርስቲያኖች እየፈለገ የጸሎት ስፍራ ይሰጣቸው ነበር። ልጁ ካደገ በኋላ ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ሄዶ ቄስ ሆነ፤ ይህንን ታሪክ ለሩፊኖስ የነገረውም እርሱ ነው። ፍሬምናጦስ ግን አገሩን አልፎ ወደ እስክንድርያ ሄደና ለኢትዮጵያ ጳጳስ እንዲላክ ቅዱስ አትናቴዎስን ጠየቀ። አትናቴዎስም ከካህናቱ ጋር ተማክሮ ከጠያቂው የሚሻል ስላላገኘ እርሱኑ ሾሞ መለሰው።

በ356 ዓ.ም. ገደማ (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) አርዮሳዊው ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዮስ፥ ፍሬምናጦስ እንደ ገና እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ ይመለስ ብሎ ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ ኢትዮጵያ ግን በአትናቴዎስ ሃይማኖት ጸናች። በኢዛና ገንዘብ ላይም የፀሐይና የጨረቃ ምልክት ቀርቶ መስቀል ተቀረጸ። ከዚያ አስቀድሞ የተመታው ገንዘብ ጨረቃውን እንደ ያዘ እስከ ዛሬ ከአክሱም ምድር ይወጣል።