ንጉሥ ሚካኤል

ንጉሥ ሚካኤል (የቀድሞ ስማቸው መሐመድ ዓሊ፣ የፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ) የወሎ ገዥ፣ በኋላም የወሎና የትግራይ ንጉሥ ነበሩ። የልጅ ኢያሱ አባት ናቸው። በዘመናቸው የደረት ኒሻን ገና እየተለመደ ስለነበር፣ የመኳንንት ታማኝነት ይበልጥ የሚታወቀው በማዕረግ፣ በክብር ልብስ፣ በጋብቻና በዘውድ ነበር።

ትውልድና ጥምቀት

ከወሎ ኢማሞች ወገን ከኢማም ዓሊና ከወይዘሮ ጌትዬ ተወለዱ። በ1870 ዓ.ም. ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደሴ በስተሰሜን በምትገኘው ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ የወሎ ሙስሊም መኳንንት ክርስትና እንዲነሡ ታዘዘ። መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸውም ንጉሠ ነገሥቱ ሆኑ። የራስነት ማዕረግም አገኙ። ትእዛዙን ያልተቀበሉት፣ እንደ ሼህ ጦልሃ ያሉት፣ በአመፅ ተነሡ። አዲሱ ስም የእምነት ለውጥ ብቻ ሳይሆን የታማኝነት ምልክትም ነበር።

በዓፄ ምኒልክ ዘመን

ዓፄ ዮሐንስ ከሞቱ በኋላ ራስ ሚካኤል ለዓፄ ምኒልክ አደሩ፤ ልጃቸውን ወይዘሮ ሸዋረጋን አገቡ። ከዚህ ጋብቻ በ1887 ዓ.ም. ኢያሱ ተወለዱ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኛ ዝናን አተረፈ።

መቀመጫቸውን ከተንታ ወደ ደሴ አዛውረው ከተማዋን አስፋፉ። ለግብር ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ የዘመኑ መታሰቢያ ነው። በግብር ላይ ሠራዊቱ እንደየማዕረጉ እየተቀመጠ ይበላ ስለነበር፣ አዳራሹ የሹመትን ደረጃ በግልጽ የሚያሳይ ቦታ ነበር።

ዘውድና ሰገሌ

ዓፄ ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ልጅ ኢያሱ አባታቸውን ግንቦት 23 ቀን 1906 ዓ.ም. በደሴ የወሎና የትግራይ ንጉሥ አድርገው አነገሡ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲሻሩ ንጉሡ ጦራቸውን ወደ ሸዋ አዘመቱ። በቶራ መስክ ራስ ልዑልሰገድን ድል ቢያደርጉም፣ ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ተሸንፈው ተማረኩ። በድል ሰልፉ ላይ አሸናፊዎቹ በጎፈርና በወርቅ ጋሻ አጊጠው ሲያልፉ፣ ንጉሡ በሰንሰለት ታስረው በንግሥት ዘውዲቱ ፊት ቀረቡ።

ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ በእስር እንዳሉ ዐረፉ። ዘውዱን የሰጣቸው የልጃቸው መንግሥት ነበርና፣ እሱ ሲወድቅ ዘውዱም አልጸናም።