ይድነቃቸው ተሰማ፤ ከኳስ ሜዳ እስከ ዓለም ጉባኤ

በሀገራችን የእግር ኳስ ጨዋታ ታሪክ ስማቸው በመጀመሪያ ከሚነሡት ሰዎች አንዱ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። እኚህ ሰው ተጫዋች፣ አሠልጣኝ፣ በመጨረሻም የመላው አፍሪካ እግር ኳስ መሪ ሆነው ሠርተዋል። ዛሬ ስለ እርሳቸው የምንጽፈው ግን ያገቧቸውን ግቦች ለመቍጠር ብቻ አይደለም። አንድ ሰው በጨዋታ ሜዳ የያዘውን ሥርዐትና ክብር ወደ ሥራውም ይዞ ሊገባ እንደሚችል ከሕይወታቸው ስለምንማር ነው።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በቅኔያቸውና በዜማቸው የታወቁ፣ ወደ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ። ልጅየው በአዲስ አበባ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሩ። በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ወጣቶች ወደ ተቋቋመው ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድንም ገቡ። ነገር ግን ቡድኑ ገና ሳይጠና በዚያው ዓመት የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ደረሰ። ወራሪው በትምህርት ቤትና በመንገድ ያደረገውን የዘር ልዩነት በኳስ ሜዳም አደረገው፤ ኢትዮጵያዊው ከኢትዮጵያዊ፣ ነጩ ከነጭ ጋር ብቻ እንዲጫወት ሆነ። ይህን በወጣትነታቸው ያዩት ይድነቃቸው በኋላ ዘመናቸው ሁሉ የታገሉት ይህንኑ ክፉ ልማድ ነው።

ሀገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላ ሜዳው ለሁሉም ተከፈተ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከአርመኖቹ አራራት፣ ከግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስ፣ ከኢጣልያኖቹ ፎርቲቱዶና ከእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ጋር ይጋጠም ጀመር። በ1935 ዓ.ም. የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲቋቋም አቶ ይድነቃቸው ከደከሙበት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ እስከ 1950 ዓ.ም. ተጫውተዋል፤ በ365 ግጥሚያ 318 ግብ እንዳገቡ ይነገራል። የብሔራዊ ቡድኑንም ማልያ 15 ጊዜ ለብሰዋል።

በየካቲት 1949 ዓ.ም. ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካን እግር ኳስ ማኅበር ለመመሥረት በካርቱም ተሰበሰቡ። ኢትዮጵያ በመጀመሪያው የዋንጫ ውድድር እንድትገጥም ዕጣ የደረሳት ከደቡብ አፍሪካ ጋር ነበር። ደቡብ አፍሪካ ግን ነጭና ጥቁር ተጫዋቾችን በአንድነት አሰልፋ ለመምጣት አልፈቀደችም፤ ስለዚህ ከውድድሩ ወጣች። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ የሆኑት አቶ ይድነቃቸውም የአፍሪካ ዋንጫ በዘር መለያየት ላይ ሊቆም አይገባም ከሚሉት ወገን ነበሩ። ኢትዮጵያ ያለ ግጥሚያ ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ከሁለት ዓመት በኋላ በካይሮ እንደገና ተጋጠሙ፤ ውጤቱ ያው 4 ለ 0 ሆነ።

ሁለት ጊዜ በአንድ ዓይነት ውጤት የተመታ ቡድን ተስፋ ቢቆርጥ አይፈረድበትም። አቶ ይድነቃቸው ግን በ1954 ዓ.ም. ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲደረግ ቡድኑን በአሠልጣኝነት መሩ። ጥር 6 ቀን ቱኒዚያ ሁለት ግብ ቀድማ አገባች፤ የእኛ ልጆች ግን ሳይደናገጡ 4 ለ 2 አሸነፉ። ጥር 13 ቀን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ያቺው ግብፅ ቀረበች። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ኢትዮጵያም ሁለት ጊዜ አቻ አደረገች፤ መጀመሪያ በተክሌ ኪዳኔ፣ ቀጥሎ በሉቺያኖ ቫሳሎ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ግብ አግብተው ጨዋታው 4 ለ 2 ተፈጸመ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ኢጣልያዊ ነበር። በወረራው ዘመን ሕግ ሊከበር የማይችለው ልጅ በዚያች ቀን በሕዝብ ፊት ከፍ ብሎ ታየ። ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ያገኘችው የአፍሪካ ዋንጫ ያ አንዱ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ትግሉ ከሜዳ ወደ ጉባኤ ተሻገረ። የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ፊፋ ለ1958ቱ የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ አንድ የተለየ ቦታ እንኳ ስለ ነፈገ የአፍሪካ አገሮች ከውድድሩ ወጡ፤ ከዚህ አቋም ጀርባ ከነበሩት ሰዎች አንዱ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ውጤቱም አልዘገየም፤ በ1962ቱ ውድድር ለአፍሪካ አንድ ቦታ ተሰጠ፤ በ1974ቱም ሁለት ሆነ። በ1964 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ደቡብ አፍሪካን በዘር ፖሊሲዋ ምክንያት ከፊፋ ለማስወጣት ብዙ ደከሙ፤ በ1968 ዓ.ም. ፊፋ አስወጣት። የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴም አባል ሆነው አገልግለዋል።

በስተመጨረሻ ከባድ ሕመም ቢያገኛቸውም ሥልጣናቸውን የለቀቁት በሞት ነው። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ዐረፉ። የደቡብ አፍሪካ ሕዝብ ነፃ ሲወጣ፣ ነጭና ጥቁር በአንድ ማልያ ሲሰለፉ ለማየት አልታደሉም።

የትምህርት ቤት ቡድን ያላችሁ ተማሪዎችና ሥራ የጀመራችሁ ወጣቶች ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ብትይዙ ይበቃል። አንደኛው፣ ሁለት ጊዜ 4 ለ 0 የተሸነፈ ሦስተኛ ጊዜ ሊያሸንፍ መቻሉ ነው። ሁለተኛው ግን ይበልጣል፤ አንዳንድ ጊዜ ከመጫወት ይልቅ አልጫወትም ማለት የሚያስከብር መሆኑ ነው። አቶ ይድነቃቸው ሁለቱንም ያውቁ ነበር፤ የትኛው መቼ እንደሚገባ ለይተው ማወቃቸውም ታላቅ ሰው አድርጓቸዋል።