አለቃ ኪዳነ ወልድና የጠፋው መዝገብ

አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በፊደል ቀልድ የማያውቁ ሊቅ ነበሩ፡፡ በሸዋ ተወልደው ወደ ኢየሩሳሌም ተሻገሩ፤ እዚያም ረጅም ዘመን ኖሩ፡፡ መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ሳይፈጽሙ ሲያርፉ አደራውን የተረከቡት እሳቸው ናቸው፡፡ አገራቸው ከተመለሱ በኋላም ሥራውን አልተዉትም፡፡ ዳሩ ግን መጽሐፉ ታትሞ ሳያዩ በ1936 ዓ.ም. አረፉ፡፡ አደራውም እንደገና ወደ ተማሪ ዞረ፤ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አሰናድተው በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት፡፡

በዚህ መዝገበ ቃላት መጽሐፍ የሚለውን ቃል የሚሻ ሰው በመ ሳይሆን ጸሐፈ በሚለው ግሥ ሥር መፈለግ አለበት፡፡ በአለቃ ዘንድ ድምፃቸው የገጠመ ፊደላትም የየራሳቸው ቤት አላቸው፡፡ ሰአለ ለመነ ነው፤ ሠዐለ ግን ሥዕል ሣለ ነው፡፡

ኮምፒዩተርም በዚህ ረገድ የአለቃ ደቀ መዝሙር ነው፡፡ የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ሀ፣ ሐ እና ኀ የተለያየ ቁጥር ተሰጣቸው፡፡ ስለዚህ በጽሑፍ ፕሮግራም ኃይሉን የፈለገ ሰው ሀይሉን አያገኝም፡፡ መፍትሔው ሬጉላር ኤክስፕሬሽን የሚባለው የፍለጋ ስልት ነው፡፡ ይህ አማራጭ በርቶ [ሀሃሐሓኀኃ]ይሉ ተብሎ ከተጻፈ፣ ቅንፉ ከውስጡ ካሉት ፊደላት አንዱን ፈልግ ማለት ስለሆነ ሁሉም ይገኛሉ፡፡ አማራጩ ካልበራ ግን ፕሮግራሙ ቅንፉን ራሱን ይፈልጋል፡፡

ጣጣው የሊቃውንት ብቻ አይደለም፡፡ ከዳባት አልፎ ከደባርቅ በላይ የሚታየውን ተራራማ አገር አንዱ ስሜን፣ ሌላው ሰሜን ብሎ ይጽፈዋል፡፡ [ሰስ]ሜን ብሎ የፈለገ ሰው ሁለቱንም ያገኛል፡፡ አብሮ ግን አቅጣጫው፣ ደባርቅ መቀመጫው የሆነው የሰሜን ጎንደር ዞን፣ እንዲሁም አንድ አመልካች ስሜን መዝግቡልኝ ያለበት ማመልከቻ ይመጣል፡፡ ያንን የሚለየው አንባቢው ነው፡፡

ለሕግ ሰው ጉዳዩ የመብት ጉዳይ ነው፡፡ የውርስ ወይም የመሬት ይዞታ መዝገብ በአንድ ፊደል ልዩነት አልተገኘም ከተባለ፣ ባለመብቱ ባዶ እጁን ይመለሳል፡፡ ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ የሚሉ ወገኖች ይህን ያስቡበት፡፡ ነገ ብንቀንሳቸው እንኳ የትናንቱ መዝገብ በእነርሱ እንደተጻፈ ይቀመጣል፡፡ ቅንፉ ውስጥ የትኞቹን ፊደላት ማስገባት እንዳለበት የሚያውቅ ደግሞ ፊደሉን የተማረ ብቻ ነው፡፡ የአለቃ አደራ አሁንም ተረካቢ ይፈልጋል፡፡