ማርሴል ፕሩስትና የታፈነው ትንፋሽ

ከጅግጅጋ እስከ ቶጎ ውጫሌ በተዘረጋው ሜዳ፣ በጅላል ደረቅ ወራት ነፋሱ አቧራ ሲያስነሳ፣ የጉ ዝናብ ከጣለ በኋላም ሣሩ ሲያብብ፣ አፍንጫው ታፍኖ፣ አፉን ከፍቶ፣ አንገቱን ወደ ፊት አስግጎ የሚቀመጥ ሕፃን አይታጣም። እንዲህ ያለውን ልጅ ፈሪ ወይም ሰነፍ ነው ብሎ ከመፍረድ በፊት የፈረንሳዊውን ደራሲ የማርሴል ፕሩስትን ሕይወት መመልከት ይጠቅማል።

ፕሩስት እ.ኤ.አ. በ1871 በፓሪስ፣ ኦቴይ በተባለው ሰፈር ተወለደ። አባቱ ዶክተር አድሪየን ፕሩስት ኮሌራ ወደ አውሮፓ የሚጓዝበትን መንገድ በማጥናት የታወቀ የጤና አጠባበቅ ሊቅ ነበር። ሆኖም አንድን አህጉር ከወረርሽኝ ለመጠበቅ የደከመው ሐኪም የገዛ ልጁን ትንፋሽ ለመፈወስ አልቻለም። ልጁ በዘጠኝ ዓመቱ፣ ከቡሎኝ ደን ሽርሽር ሲመለስ፣ በድንገት አስም ተነሣበትና ለሞት ተቃረበ። ከዚያ ወዲህ የአበባ ብናኝ የሚበዛበት ጸደይ የመከራው ወቅት ሆነ።

በዚያ ዘመን አስም ከነርቭ በሽታዎች ይቆጠር ነበር። አባትየውም በ1897 ከሌላ ሐኪም ጋር ሆኖ ስለ ነርቭ ድካም መጽሐፍ አሳትሟል። አለርጂ የሚለው ቃል የተፈጠረው በ1906 በመሆኑ፣ ፕሩስት ልጅነቱን የጨረሰው ሕመሙ ትክክለኛ ስም ሳያገኝ ነው። እናቱ በ1905 ስትሞትበትም ሐዘኑ ስለጸናበት በነርቭ ሐኪም ዘንድ ተኝቶ ታከመ።

በ1910 ድምፅ እንዳይረብሸው የመኝታ ክፍሉን በቡሽ አስለበጠ፤ ብናኙንም ለመከላከል መስኮቱን ዘግቶ፣ የመድኃኒት ዱቄት እያጤሰ ኖረ። ይሁን እንጂ የተዘጋ ክፍል የውጭውን ብናኝ ቢያግድም፣ ጭሱንና የአልጋውን አቧራ አብሮ ያፍናል። ፕሩስት ቀን እየተኛ፣ ሌሊት በትራስ ተደግፎ ጋደም እንዳለ፣ ባለ ሰባት ክፍሉን ታላቅ ልብ ወለድ ጻፈ። በ1919 የጎንኩርን ሽልማት ተቀበለ፤ በ1922 በሳንባ ምች፣ በ51 ዓመቱ አረፈ።

ዛሬ እንደሚታወቀው፣ አፍንጫው የተዘጋ ልጅ በአፉ ለመተንፈስ ሲል ራሱን ወደ ፊት ይሰዳል፤ እንቅልፉ ይቆራረጣል፤ ቀን ይደክመዋል፣ ይበሳጫል። አለርጂና ጭንቀት በብዙ ልጆች ላይ አብረው መታየታቸው ቢረጋገጥም፣ የትኛው የትኛውን እንደሚያስከትል ገና አልለየም። በጨው ውኃ ማጠብና ሐኪም የሚያዘው የአፍንጫ መድኃኒት ግን ፕሩስት ያላገኘውን እፎይታ ሊሰጡ ይችላሉ። ስለሆነም ወላጅም ሆነ መምህር ልጁን ቀጥ ብለህ ተቀመጥ እያለ ከመቆጣቱ በፊት፣ አፍንጫውን ማስመርመሩ ይቀድማል።