ከስድሳ ዓመት በኋላ አዲስ ጎጆ



በዚህ ዕትም የማካፍላችሁ የአንዲት ዝነኛ ሴት የሕይወት ታሪክ ነው። ዝነኛ ያደረጋት ዘፈኗና ጭፈራዋ ቢሆንም፣ እኔ መጻፍ የፈለግሁት ስለ መድረኳ ሳይሆን ስለ ቤቷ ነው። ዕድሜዋ ከስድሳ ካለፈ በኋላ ቤት አልባ ሆነች፤ ከዚያም ልጆቿን ይዛ በአንዲት የባሕር ዳርቻ የመዝናኛ ከተማ አጠገብ ኑሮን እንደገና ጀመረች። ስሟ ጆሴፊን ቤከር ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጆሴፊን በ1906 በአሜሪካ፣ ሚዙሪ ክፍለ ግዛት፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ ተወለደች። እናቷ የሰው ልብስ እያጠበች ቤተሰቡን የምታስተዳድር ድሃ ሴት ነበረች። ጆሴፊንም ስምንት ዓመት ሲሞላት በሰው ቤት ተቀጥራ መሥራት ጀመረች። በ1917፣ ከወንዙ ማዶ ባለችው ምሥራቅ ሴንት ሉዊስ ጥቁሮች ሲገደሉና ቤታቸው ሲቃጠል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። በአሥራ ሦስት ዓመቷ ተዳረች፤ ትዳሩ ግን አልቆየም። ቤከር የሚለው ስም የመጣው ከሁለተኛ ባሏ ነው።

በ1925፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ከአንድ የጭፈራ ቡድን ጋር በመርከብ ወደ ፓሪስ ሄደች። ቋንቋውን አታውቅም፤ ዘመድም አልነበራትም። በጥቂት ወራት ውስጥ ግን ከተማው ሁሉ ስሟን ያውቅ ነበር። በአገሯ ብዙ በር በቀለሟ ምክንያት ሲዘጋባት ኖሮ፣ ፓሪስ ውስጥ በፈለገችበት ምግብ ቤት ገብታ ትቀመጥ ነበር። በ1937 ፈረንሳዊ አግብታ የፈረንሳይ ዜግነት አገኘች።

እዚህ ላይ የማልደብቃችሁ ነገር አለ። ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበት በ1935፣ ጆሴፊን ለሙሶሊኒ ድጋፏን በአደባባይ ተናግራ ነበር። ይህን ሳውቅ ስለ እርሷ መጻፌን ልተወው አስቤ ነበር። ያስቀጠለኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ጥቂት ዓመታት እንኳ ሳይቆዩ ከፋሺስቶችና ከናዚዎች ጋር በሚደረገው ትግል ነፍሷን አስይዛ ገባች። ለትርኢት እየመሰለች ከአገር አገር ስትዘዋወር፣ በሙዚቃ ወረቀቶቿ ላይ በማይታይ ቀለም የተጻፈ የጦር መረጃ ታሻግር ነበር። ለዚህም ፈረንሳይ የጦር ሜዳ ኒሻን ሸለመቻት። ሰው በአንድ ጥፋቱ ብቻ አይለካም፤ ጥፋቱም አይደበቅም።

ከጦርነቱ በኋላ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ዶርዶኝ በሚባለው አገር፣ ሚላንድ የተባለ አሮጌ ግንብ ገዛች። ከባሏ ጋር ሆና ከልዩ ልዩ አገር አሥራ ሁለት ልጆችን በማደጎ ወሰደች፤ አሥሩ ወንዶች፣ ሁለቱ ሴቶች ነበሩ። ከጃፓን፣ ከፊንላንድ፣ ከኮሎምቢያ፣ ከአልጄሪያ፣ ከኮትዲቯር፣ ከፈረንሳይም የመጡ ነበሩባቸው። ቀለማቸውም ሃይማኖታቸውም የተለያየ ልጆች እንደ አንድ እናት ልጆች ማደግ እንደሚችሉ ለዓለም ማሳየት ፈልጋ ነበር።

ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ ሒሳቡ ግን አልተያዘም። ግንቡ፣ የእንግዳ ማረፊያው፣ እርሻውና ብዙ ሠራተኛ ከምታገኘው በላይ ያስወጡ ነበር። እርሷ ደግሞ ለሰጪነቷ ወሰን አልነበራትም። ባሏ ሲለያት ሸክሙ ሁሉ በእርሷ ላይ ወደቀ። ዕዳው እያደገ ሄዶ በ1968 ግንቡ በሐራጅ ተሸጠ። በመጋቢት 1969 ከቤቱ በግድ አስወጧት። ያኔ የስልሳ ሁለት ዓመት ሴት ነበረች። በብርድና በዝናብ፣ በደጃፉ ደረጃ ላይ ብርድ ልብስ ለብሳ ተቀምጣ የተነሣችው ፎቶግራፍ በጋዜጣ ወጥቶ ዓለም አየው።

በዚህ ጊዜ ከደረሱላት አንዷ የሞናኮዋ ልዕልት ግሬስ ነበረች። ሞናኮ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳር ያለች እጅግ ትንሽ አገር ናት፤ ባለጸጎች በመርከባቸው የሚመጡባት፣ በሆቴሎቿና በቁማር ቤቷ የታወቀች የመዝናኛ ስፍራ ናት። ግሬስም እንደ ጆሴፊን አሜሪካዊት ስትሆን፣ በጋብቻ ምክንያት ነው እዚያ የገባችው። በ1951 ጆሴፊን በኒው ዮርክ ከተማ በአንድ የምሽት ክበብ በቀለሟ ምክንያት ሳትስተናገድ በቀረች ጊዜ፣ ያኔ ገና ወጣት ተዋናይት የነበረችው ግሬስ እዚያው እንደነበረችና በነገሩ ተቆጥታ አብራት እንደወጣች ይነገራል።

በልዕልቷና በሞናኮ ቀይ መስቀል ዕርዳታ፣ ከሞናኮ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በፈረንሳይ ድንበር ውስጥ በሚገኘው ሮክብሩን ካፕ ማርታን፣ ባሕሩ የሚታይበት ቤት አገኘች። ልጆቿም ተሰባስበው ገቡ።

እህቶቼ፣ በዚህ ታሪክ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ከቤቱ ቀጥሎ የመጣውን ነው። ቤት ብቻ ቢሰጣት ኖሮ ጆሴፊን የሰው እጅ ስታይ በኖረች ነበር። በዚያው በ1969 ዓመት በሞናኮ ቀይ መስቀል ዓመታዊ የዕርዳታ ማሰባሰቢያ ምሽት ላይ እንድትጫወት ተጋበዘች። በዚያ ምሽት ባለጸጋ እንግዶች ለመግቢያቸው ይከፍላሉ፤ ገቢው ለተቸገሩ ይውላል። ትናንት ተረጂ የነበረችው ሴት ለሌሎች ዕርዳታ የምታሰባስብ ሆነች። የመዝናኛ ከተማ የሚኖረው በእንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ የሚያጫውተው ይፈልጋል። ሌላው ሁሉ ቢወሰድባትም፣ ሙያዋ ከእርሷ ጋር ነበርና በአዲሱ ስፍራ ቦታ አገኘ።

ከዚያ በኋላ በየአገሩ እየተዘዋወረች ሠራች። በ1973 በኒው ዮርክ፣ ካርኔጊ አዳራሽ፣ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ ተቀበላት። በልጅነቷ በሰው ቤት ስትሠራ የኖረችበት አገር ነው እንዲህ ያከበራት። በ1974 በሞናኮ የሕይወቷን ታሪክ የሚያሳይ ትርኢት ቀረበ፤ ይኸው በሚያዝያ 8 ቀን 1975 በፓሪስ ቦቢኖ ቲያትር ተከፈተ። ፓሪስ መድረክ ላይ ከወጣች ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ነበር። ትርኢቱ በተከፈተ በአራተኛው ቀን፣ በአንጎል ደም መፍሰስ፣ በስልሳ ስምንት ዓመቷ ዐረፈች። በፓሪስ በወታደራዊ ክብር ከተሸኘች በኋላ የተቀበረችው በሞናኮ ነው።

በኅዳር 2021 ፈረንሳይ ታላላቅ ሰዎቿን በምታስብበት ፓንቴዎን ስሟን አኖረች። አስከሬኗ ከሞናኮ አልተነሣም። ወደ ፓንቴዎን የገባው ሣጥን የያዘው የአራት ቦታ አፈር ነበር፤ የተወለደችበት የሴንት ሉዊስ፣ ስም ያገኘችበት የፓሪስ፣ ልጆቿን ያሳደገችበትና ያጣችው የሚላንድ፣ ከውድቀቷ የተነሣችበት የሞናኮ።

ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን በሰው አገር፣ በማናውቀው ከተማ ጎጆ ቀልሰናል፤ አንዳንዶቻችንም ከአንድ ጊዜ በላይ። ጆሴፊን ሒሳቧን አለመያዟ ቤቷን አሳጥቷታል፤ ስለዚህ በየወሩ ስንሰበሰብ የማኅበራችንን መዝገብ ገልጠን ሳንቲም በሳንቲም መቁጠራችን አይሰልቸን። ከወደቀች በኋላ ደግሞ የተዘረጋላትን እጅ በኩራት አልገፋችም፤ ይዛው ተነሣች። ለደጋፊዎቻችንም መልእክታችን ከዚሁ ታሪክ የተለየ አይደለም። ጣራ ላጣች እህት ጣራ እንፈልግላት፤ ግን ሙያሽ ምንድን ነው ብለን መጠየቅን አንርሳ።