ኦኔሲሞስ ነሲብ፤ የወንጌል አገልጋይና ተርጓሚ

ኦኔሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አቅራቢያ ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ በባሪያ ፈንጋዮች ተነጥቀው፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡ ምጽዋ ደረሱ። በ1870 ነፃ ወጥተው በስዊድን ሚሲዮን ተማሩ፤ በ1872 ተጠመቁ። ስዊድን አገር ተምረው ከተመለሱ በኋላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ያዙ። ይሁን እንጂ ከወገናቸው ተለይተው ያደጉ በመሆናቸው፣ የትምህርት ቤት ዕውቀት ብቻውን ለሥራው አልበቃቸውም። ስለዚህ እንደ እርሳቸው ከባርነት የወጣችውን ወጣት፣ አስቴር ጋኖን፣ አጋር አደረጉ። እርሷም ቃላቱን፣ ተረቱንና ዘፈኑን ሰብስባ የሕዝቡን አነጋገር አቀረበችላቸው። ሙሉው መጽሐፍ በ1899 በስዊዘርላንድ ታተመ። በ1904 ወለጋ ገብተው ሲያስተምሩ ተከሰው ስብከት ቢከለከሉም፣ በ1931 እስካረፉ ድረስ ከአገልግሎታቸው አልተለዩም። የወገን ልጅ እንኳ የወገኑን አንደበት ከሌላው መማር ካስፈለገው፣ ከሩቅ የሚመጣ አገልጋይማ ከመናገሩ አስቀድሞ ምን ያህል ማድመጥ ይገባው ይሆን!