ራስ ወልደ ሥላሴና የሰንጠረዥ ጨዋታ

በዚህ በሐዋሳ፣ በሐይቁ ዳር ከዋርካው ጥላ ሥር፣ ሰዎች በቆርኪ ዳማ ሲጫወቱ ያላየ ተማሪ የለም። በየመኝታ ቤታችንም ካርታ የማይጠፋ ነው፤ ፖከር የሚባለውን ጨዋታ ሕግ ለማወቅ የሚጓጉ አዳዲስ ተማሪዎችም በየዓመቱ አይታጡም። ስለዚህ ጨዋታን መማር ምን ማለት እንደ ሆነ ለመጻፍ ባሰብን ጊዜ፣ ምሳሌውን ሁሉ ከባሕር ማዶ ከማምጣት ይልቅ ከራሳችን ታሪክ አንድ ታላቅ ሰው መርጠን ሕይወታቸውን በአጭሩ ማቅረብ የተሻለ መስሎ ታየን። እኚህም ሰው የትግሬው ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ናቸው።

ራስ ወልደ ሥላሴ የደጃዝማች ክፍለ ኢየሱስ ልጅ ሲሆኑ ትውልዳቸው ከእንደርታ ነው። የኖሩበትም ጊዜ ዘመነ መሳፍንት የምንለው፣ ማለት ከ1769 ጀምሮ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዘውድ እስከ ጫኑበት ድረስ ያለው ዘመን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ በጎንደር ተቀምጠው ስም ብቻ ነበራቸው፤ ሥልጣኑ ግን ብዙ ጦርና ብዙ ነፍጥ ባለው መስፍን እጅ ነበረ። አንዱ መስፍን ንጉሥ ያነግሣል፤ ሌላው መጥቶ ያንኑ ንጉሥ ይሽራል። እንዲህ ባለ ዘመን የመስፍን ልጅ ሆኖ መወለድ ዕድልም አደጋም ነበር።

በወጣትነታቸው የትግሬ ጌታ የነበሩት ራስ ሚካኤል ስሑል ናቸው። ወልደ ሥላሴ ከእኚህ ኃይለኛ ሰው ጋር ተጣልተው ብዙ ጊዜ በሽፍትነት ኖሩ። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ከሰዎች ሰምቶ እንደ ጻፈው፣ ከራስ ሚካኤል ሠራዊት መካከል የተመረጡ ሁለት ጀግኖች ይውጡና በፈረስ ይግጠሙኝ ብለው እስከ መጠየቅ ደረሱ። ሁለቱም ወጡ፤ ሁለቱንም ገደሏቸው። ይህን ታሪክ አንባቢ በልቡ እንዲያኖርልን እንለምናለን፤ ምክንያቱም ወልደ ሥላሴ በዚያ ቀን ያሸነፉት ማንም ሊያስደስታቸው ሳይፈልግ ነው።

ራስ ሚካኤል ካለፉ በኋላ ብዙ ውጣ ውረድ ደርሶ፣ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም የትግሬ ግዛት በወልደ ሥላሴ እጅ ገባ። መቀመጫቸውን በሕንጣሎና በጨለቆት አደረጉ። በጨለቆትም እስከ ዛሬ ስሙ የሚጠራውን የሥላሴን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ወደ ቀይ ባሕር የሚወስደው መንገድ በግዛታቸው ስለሚያልፍ ከባሕር የሚገባውን ነፍጥ ለማግኘት ከሌሎች መሳፍንት ይልቅ የተመቻቸው ነበሩ። በወዲያ በኩል ግን ጎንደርን የያዙት የየጁው ራስ ጉግሣ ተፎካካሪያቸው ሆነው እስከ መጨረሻው ኖሩ። ሶልት ስለ መልካቸው ሲጽፍ ሰውነታቸው ትንሽና ቀጭን፣ አስተያየታቸው ግን ብልህና ግርማ ያለው መሆኑን ይመሰክራል።

ሄንሪ ሶልት የሎርድ ቫለንሺያ ሠዓሊና ጸሓፊ ሆኖ በ1805 በክረምት ከምጽዋ ተነሥቶ ሕንጣሎ ደረሰ። በዚያም ራስን ካያቸው ጊዜያት በአንዱ ሹማምንታቸውን በዙሪያቸው አስቀምጠው ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አገኛቸው። የጉዞው ታሪክም በ1809 ታትሞ ስለ ወጣ፣ ስለ አባቶቻችን ጨዋታ ጥሩ ምስክር ሆኖልናል።

እንግዲህ ይህን ጨዋታ የማያውቅ ጀማሪ እንዲገባው ሕጉን ባጭሩ እንግለጽ። የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ሜዳ እንደ ፈረንጁ ቼዝ ስምንት በስምንት፣ በጠቅላላው 64 ቤት ያለው ነው። ነገር ግን ቤቶቹ ጥቁርና ነጭ ሆነው አይለያዩም። ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር ወይም በሰማያዊ መስመር ይሠመሩ ነበር። እያንዳንዱ ተጫዋች 16 ሰው ያሰልፋል። ከእነዚህም አንዱ ንጉሥ፣ አንዱ ፈርዝ፣ ሁለቱ ፊል፣ ሁለቱ ፈረስ፣ ሁለቱ ደር፣ ስምንቱ መደቅ ይባላሉ። ንጉሥ ከንጉሥ ጋር ፊት ለፊት አይቆምም፤ የአንዱ ንጉሥ ከሌላው ፈርዝ ትይዩ ይሆናል።

ንጉሡ በየአቅጣጫው አንድ ቤት ይሄዳል። ፈርዝ በአግድሞሽ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል፤ እንደ ዛሬዋ የቼዝ ንግሥት ሜዳውን ሁሉ የሚያቋርጥ ኃይለኛ አይደለም። ፊል ዝሆን ማለት ሲሆን በአግድሞሽ ይዘልላል፤ በመካከል ሰው ቢኖርም በላዩ አልፎ ሦስተኛው ቤት ላይ ያርፋል። ፈረስ እንደ ቼዙ ፈረስ ነው። ደርም ቀጥ ብሎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የፈለገውን ያህል ይሄዳል። መደቅ አንድ አንድ ቤት ወደ ፊት ብቻ ይራመዳል፤ በመነሻውም ሁለት ቤት መሄድ አይፈቀድለትም፤ ሲበላ ግን በአግድሞሽ ነው። ሶልት ባየው ጨዋታ መደቅ ሜዳውን ጨርሶ ጫፍ ቢደርስም ሹመት አያገኝም ነበር።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የአጀማመሩ ሕግ ነው። ይኸውም ወረራ ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች ባንድ ጊዜ፣ እጃቸው እንደ ፈጠነ፣ ሰዎቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ያስተካክላል። አንድ ሰው እስኪበላ ድረስ እንዲሁ ይቀጥላል፤ የመጀመሪያው ሰው ሲበላ ግን ወረራው ያበቃና ከዚያ በኋላ በተራ ይሆናል። ስለ አጨራረሱም ክብር የሚለይ ልማድ ነበረ። በደር ወይም በፈረስ ንጉሥን መያዝ እንደ ተራ ነገር ሲቆጠር፣ በትናንሾቹ ሰዎች መያዝ ግን ለአሸናፊው ታላቅ ምስጋና ነበር። ሠራዊቱ አልቆ ብቻውን የቀረ ንጉሥም አይያዝም፤ ስለዚህ አሸናፊው ጠላቱን ጨርሶ እንዳያጠፋ መጠንቀቅ ነበረበት። አሰልፎ መጠበቅን፣ የሌላውን አሰላለፍ ማንበብንና በድል ጊዜ መጠንን ማወቅን የሚያስተምር ስለ ሆነ፣ መሳፍንቱ ይህን ጨዋታ መውደዳቸው አያስገርምም።

አሁን ወደ ሕንጣሎ አዳራሽ እንመለስ። የራስ ወልደ ሥላሴ የሰንጠረዥ ሰዎች ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ሸካራ ነበሩ። አንድ ሰው ሲበላ በጸጥታ አይነሣም፤ የሚበላው ሰው በኃይል እየተመታ ከቦታው ይወረወር ነበር። ጫጫታውም ብዙ ነው። በዙሪያው የቆመ ሁሉ፣ አሽከር እንኳ ሳይቀር፣ በጨዋታው ይናገራል፤ እጁን ሰድዶ ሰዎቹን እያነሣ ጥሩ የመሰለውን አካሄድ ያሳያል። የዛሬ ሰው ይህን ሲያነብ እንዴት ያለ ነጻነት ነው ሊል ይችላል። በዚያ አዳራሽ ጌታና ሎሌ ባንድ ጨርቅ ላይ እኩል ይከራከሩ ነበርና።

ነገር ግን ሶልት አንድ ተጨማሪ ነገር አስተዋለ። ያ ሁሉ ጫጫታ፣ ያ ሁሉ ምክርና ክርክር ካለቀ በኋላ፣ አሸናፊው ሁልጊዜ ራስ ነበሩ። ሹማምንቱ በብዙ ብልሃት፣ ማንም ሳይነቃባቸው በሚመስል ዘዴ፣ እያንዳንዱን ጨዋታ ለጌታቸው ይለቁላቸው ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ከፖከር ጋር ብናነጻጽረው ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ፖከር መልኩን የያዘው ራስ ወልደ ሥላሴ በሞቱበት ዘመን አካባቢ በአሜሪካ በሚሲሲፒ ወንዝ አገር ነው። የቀላሉ ፖከር ሕግ አስቸጋሪ አይደለም። እያንዳንዱ ተጫዋች አምስት ካርታ ይይዛል። ምንም ያልተጋጠመለት ከሁሉ ያንሳል፤ ጥንድ ያለው ይበልጠዋል፤ ከጥንድ ሁለት ጥንድ፣ ከሁለት ጥንድ ሦስት አንድ ዓይነት ይበልጣል፤ ከዚያ በላይ ተከታታይ አምስት፣ አምስቱም ባንድ ምልክት፣ ሦስት ከሁለት ጋር፣ አራት አንድ ዓይነት እያለ ይወጣል፤ የሁሉም በላይ ባንድ ምልክት የተከታተለ አምስት ነው። ተጫዋቹ በየተራው ወይ ይመድባል፣ ወይ በመደቡ ላይ ይጨምራል፣ ወይ ካርታውን ጥሎ ይወጣል። ካርታው ተሸፍኖ ስለሚያዝ ደካማ ካርታ የያዘ ሰው ፊቱን አጽንቶ ብዙ በመመደብ ጠንካራ የያዘውን ሊያስወጣው ይችላል። ጀማሪ ሕጉን ባንድ ምሽት ይይዛል፤ ፊት ማንበብን ግን ለመማር ዓመታት ይፈጅበታል።

በሰንጠረዥ ግን የሚሸፈን ነገር የለም፤ ሠላሳ ሁለቱም ሰዎች በአደባባይ ቆመው ይታያሉ። በራስ ወልደ ሥላሴ አዳራሽ ሜዳው የተገለጠ ሆኖ ሳለ የተሸፈነው የተጫዋቾቹ ልብ ነበር። በፖከር ሰው የሚያስመስለው ለማሸነፍ ነው፤ በዚያ አዳራሽ ግን የሚያስመስለው ለመሸነፍ ነበር። ራስም ምንም እንኳ ሕጉን አሳምረው ቢያውቁ፣ ከጨዋታው ማግኘት የሚገባቸውን ዋና ነገር፣ ማለት የራስን ስሕተት ከሌላው እጅ መማርን፣ አጡ።

ለሹማምንቱም መፍረድ አይገባንም። በዚያ ዘመን የአንድ ሰው ርስት፣ ሹመት፣ አንዳንዴም ሕይወት በጌታው ፊት መክበድና መቅለል ላይ ያረፈ ነበር። ለአንድ ማታ ጨዋታ ብሎ ጌታውን ቅር የሚያሰኝ ማን ነው? ሆኖም የሚያስደስቱና የሚታመኑ ሰዎች ሁልጊዜ አንድ አለመሆናቸውን የራስ ሕይወት ራሱ ያሳያል። ሶልት በ1805 ሲመለስ ናትናኤል ፒርስ የሚባል እንግሊዛዊ መርከበኛ በራስ ዘንድ ቀረ። ይህ ሰው ጥቂት ቆይቶ ከራስ ጋር ተቀያየመና ትቷቸው ሄደ። በኋላ ግን ጠላት እንደ ተነሣባቸው በሰማ ጊዜ ተመልሶ መጥቶ ከጎናቸው ቆመ፤ ራስም በደስታ ተቀበሉት። በሰላም ቀን ፊታቸውን አዙሮባቸው የነበረው ሰው በክፉ ቀን ተገኘላቸው።

ሶልት በ1810 ከእንግሊዝ ንጉሥ ከሣልሳዊ ጆርጅ ደብዳቤና ገጸ በረከት ይዞ ሁለተኛ ጊዜ መጣ። ስጦታው ለጎንደሩ ንጉሠ ነገሥት ለዐፄ እጓለ ጽዮን የታሰበ ነበር። ነገር ግን በራስ ወልደ ሥላሴና በራስ ጉግሣ መካከል ያለው ጠላትነት የጎንደርን መንገድ ስለ ዘጋው ስጦታው በራስ እጅ ቀረ። ስለ ሁለተኛው ጉዞውም የጻፈው መጽሐፍ በ1814 ታተመ።

ራስ ወልደ ሥላሴ በ1816፣ ማለት በእኛ በ1808 ዓ.ም.፣ በሽምግልና ዕድሜ ዐረፉ። እርሳቸው እንዳለፉ የትግሬ መኳንንት ስለ ወንበሩ እርስ በርሳቸው ተዋጉ። በአዳራሹ የተለመደው ልግስና በጦር ሜዳ አልተገኘም፤ ማንም ለማንም አልተሸነፈለትም። ከብዙ ደም መፍሰስ በኋላ የአጋሜው ሰባጋዲስ በረቱና ግዛቱን ያዙ፤ እርሳቸውም በ1831 በደብረ ዓባይ ጦርነት ተሸንፈው ሞቱ። ዘመነ መሳፍንት ገና 24 ዓመት ቀርቶት ነበር።

እኛ ይህን የሕይወት ታሪክ ያቀረብነው ራስን ለመንቀፍ አይደለም። ግዛታቸውን ለሩብ ምዕት ዓመት ያህል ጠብቀው የኖሩ፣ ደፋርና ብልህ ሰው ነበሩ። ዋናው ነገር ግን ጨዋታ በሕጉ ብቻ እንደማይሠራ ማሳየት ነው። ፊል ስንት ቤት እንደሚዘል፣ ወይም ሦስት አንድ ዓይነት ከሁለት ጥንድ እንደሚበልጥ ማወቅ ለጀማሪ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ሁለተኛውና የሚከብደው ደረጃ ግን በእውነት የሚያሸንፍህን ሰው ፈልጎ ከፊቱ መቀመጥ ነው።

ይህም በጨዋታ ብቻ አይወሰንም። ነገ ከዚህ ዩኒቨርሲቲ ወጥተን በቢሮ፣ በትምህርት ቤት፣ በፍርድ ቤት የምንቀመጥ ሁላችን በዙሪያችን የሚጮህ ሰው አናጣም። ዛሬም በማኅበራችን ስብሰባ ብዙ ይነገራል፤ እጅ ሁሉ ሜዳው ላይ ነው። የሚጠየቀው ግን ውሳኔው ሲደርስ ማን አሸነፈ የሚለው ነው። ሊቀ መንበሩ ሁልጊዜ የሚያሸንፍ ከሆነ፣ የመምህሩ ሐሳብ አንድም ቀን የማይረታ ከሆነ፣ የጓደኛሞች አለቃ ተሳስቶ የማያውቅ ከሆነ፣ ጫጫታው ነጻነት ሳይሆን ጌጥ ነው ማለት ነው። ለሚወዱት ሰው ጨዋታውን መልቀቅ ውለታ ይመስላል፤ ነገር ግን የተለቀቀለት ሰው ስሕተቱን የሚያውቀው ሌላ ቦታ፣ ሌላ ቀን፣ ብዙ ዋጋ ከፍሎ ነው።